ኮርሱ የእኔ፣ ክፍተቱ የማን?

አንዲት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ቢሮዬ መጥታ አራት ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረች። የምትማረው የአካባቢ ሳይንስ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን እየሠራች ነበር። መረጃውን ሰብስባ ጨርሳለች፤ ትንታኔው ላይ ስትደርስ ግን ነገሩ ተቆልፎባታል።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን እንዳይስቁብኝ።»

ደብተሮቹን አንድ በአንድ ገለጠች። የመጀመሪያው የአንደኛ ዓመት የስታቲስቲክስ ነው። እዚያ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲግማ በተባለው የግሪክ ፊደል ተጽፏል፤ ቀመሩ ውስጥ የሚካፈለውም በጠቅላላው ቁጥር ነው። ሁለተኛው የኬሚስትሪ ላብ ደብተር ነው። እዚያ ሲግማ ቀርቶ ትንሿ «ኤስ» መጥታለች፤ የሚካፈለውም ከጠቅላላው ቁጥር ላይ አንድ ተቀንሶ ነው። ሦስተኛው የኢኮኖሚክስ ነው። እዚያ ደግሞ ስሙም ተቀይሯል፤ «ቮላቲሊቲ» ሆኗል። አራተኛው ደብተር ላይ ቀመር የሚባል ነገር የለም። ሶፍትዌሩን ከፍተሽ የቱን በተን እንደምትጫኚ ብቻ ነው የተጻፈው።

«ይሄ ሁሉ አንድ ነገር ነው ወይስ አራት?» አለችኝ።

አንድ ነገር ነው። ቁጥሮች ከአማካያቸው ምን ያህል እንደተበታተኑ መለካት ነው። አንድ የሚቀነሰውም ለዘዴ ነው። የሁሉንም መረጃ ይዘሽ ከሆነ በጠቅላላው ታካፍያለሽ። ናሙና ብቻ ይዘሽ ስለሁሉም የምትገምቺ ከሆነ ግን ናሙናው በራሱ አማካይ ዙሪያ ስለሚሰበሰብ ስርጭቱ ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል። አንዷን መቀነስ ያንን ታካክሳለች። ይህን ለማስረዳት አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ልጅቷ ግን በዚህ ግራ ተጋብታ አራት ዓመት ቆይታለች።

የከነከነኝ ይህ አይደለም። አራቱም መምህራን የየራሳቸውን በትክክል አስተምረዋል። አንዳቸውም አልተሳሳቱም። ስህተቱ ያለው በደብተሮቹ መካከል ነው። እዚያ ደግሞ መምህር የለም።

አራተኛው ደብተር የእኔ ኮርስ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የአንድን ፕሮግራም ሥርዓተ ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያልፍበት ማን ነው? መምህሩ አይደለም። መምህሩ የራሱን ኮርስ ነው የሚያውቀው፤ ቢበዛ የጎረቤቱን ኮርስ በስም ያውቃል። የትምህርት ክፍል ኃላፊውም አይደለም። ዲኑ የሚያየው ሠንጠረዥ ነው። ሙሉውን የሚያየው ተማሪው ብቻ ነው። ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ ተማሪ የለም። ካለም ጥግ ላይ ተቀምጦ ቃለ ጉባኤው ላይ ይፈርማል።

እኔ ኮሚቴው ውስጥ ነበርኩ። ስንት ዓመት መሆኑን አልናገርም፤ ያስተዛዝባል። የካሪኩለም ክለሳ ሲባል የማውቀው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የሆነ ስብሰባ ነበር። አንዱ ተነስቶ ዓለም እየተለወጠች ነው ይላል። ሌላው የእሱ ዘርፍ ካልተጨመረ ፕሮግራሙ ጎደሎ መሆኑን ያስረዳል። ሁለት ኮርስ ይገባል። የሚወጣ የለም። ሰነዱ ይወፍራል፤ እናጨበጭብና እንበተናለን።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ማንበብ ስጀምር አንድ ነገር ገባኝ። ዛሬ «ተፈጥሯዊ» የሚመስለን የኮሌጅ ትምህርት ቅርጽ ብዙው የድርድር ውጤት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1828 የአሜሪካው የየል ኮሌጅ መምህራን ታዋቂ ሪፖርት አወጡ። ላቲንና ግሪክ ይቅርብን ለሚሉት የተሰጠ መልስ ነበር። የኮሌጅ ሥራ አእምሮን መግራት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ጥንታዊ ቋንቋዎችን የሚያህል የለም አሉ። ስለዚህ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ይማራል። በ1869 ቻርልስ ኤልየት የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሆነና ተቃራኒውን ያዘ። ተማሪው ራሱ ይምረጥ አለ። 40 ዓመት ስልጣን ላይ ሲቆይ ግዴታ ኮርሶችን አንድ በአንድ እያነሳ፣ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ገደማ ከአንደኛ ዓመት የጽሕፈት ኮርስ በቀር የቀረ ግዴታ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ምን ሆነ? ብዙ ተማሪዎች ቀላል ቀላሉን ኮርስ እየለቀሙ ተመረቁ። ይህን ለማወቅ ጥናትም አያስፈልግም፤ እኛም ብንሆን እሱን ነው የምናደርገው። በ1909 ኤልየትን የተካው ሎውል መሃል ላይ አስታረቀው። አንድ ዘርፍ በጥልቀት ያዝ፣ ከሌሎቹ ደግሞ ከየዓይነቱ ትንሽ ትንሽ ውሰድ አለ። ዛሬ ሜጀር ኮርስ፣ ኮመን ኮርስ፣ ኤሌክቲቭ የምንለው ክፍፍል የዚህ እርቅ ልጅ ነው።

እርቁ መጥፎ አልነበረም። ግን እርቅ ስለሆነ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል ድርሻውን ቆርሶ ይዞ ሄደ። ድርሻዎቹ እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ያዘዘ አልነበረም።

የክሬዲት ሰዓት ታሪክ ደግሞ ይብሳል። እኔ ክሬዲት ሰዓት ስለ ትምህርት ተጨንቀው የተመራመሩ ሰዎች ያወጡት መለኪያ ይመስለኝ ነበር። መነሻው ጡረታ ነው! አንድሩ ካርኔጊ በ1905 ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ የሚሆን 10 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ፋውንዴሽን «ኮሌጅ» የሚባለው የትኛው ነው የሚል ጥያቄ ገጠመው። ከመስፈርቶቹ አንዱ ኮሌጁ ተማሪ የሚቀበለው በቂ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የተማረውን ነው ወይ የሚል ነበር። ይህ ደግሞ በሰዓት ተለካ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1910፣ ሞሪስ ኩክ የሚባል መሐንዲስ ለዚያው ፋውንዴሽን ባዘጋጀው ሪፖርት የኮሌጅ ሥራ ራሱ በተማሪ ሰዓት እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረበ። ኩክ የመጣው ከፋብሪካ ቅልጥፍና ዓለም ነው።

እና እኛ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተን ስብሰባ ላይ «ሦስት ክሬዲት ይበቃዋል፣ የለም አራት ይሁን» እያልን እንጣላለን። የምንከራከረው ተማሪው ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ነው። አውሮፓውያን ከፍተኛ ትምህርታቸውን ለማቀራረብ ካደረጉት የ1999ኙ የቦሎኛ ስምምነት በኋላ ያስፋፉት አሠራር በዚህ ረገድ ትንሽ ይሻላል። እዚያ የሚቆጠረው መምህሩ የቆመበት ሰዓት ሳይሆን ተማሪው በጠቅላላ የሚሠራው ነው። ቤት የሚያነበው፣ የሚጽፈው፣ ለፈተና የሚዘጋጅበት ሁሉ ይገባል። አንድ ዓመት 60 ክሬዲት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት። በወረቀት ላይ ነው፤ ቢሆንም ቢያንስ ጥያቄው ወደ ተማሪው ዞሯል።

ይህን አንብቤ አንድ ቀን ሞከርኩት። የአንድ ሴሚስተር ተማሪዎች የሚወስዱትን የስድስት ኮርስ አውትላይን ሰበሰብኩ። የእያንዳንዱን አሳይመንት፣ ኩዊዝ፣ ፕሮጀክትና ሚድ ትልቅ የግድግዳ ካሌንደር ላይ በየቀኑ ለጠፍኩ። አንዱ ኮርስ ቢጫ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ እንዲህ እያለ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ባዶ ናቸው። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ወረቀቱ አልበቃ አለኝ። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ሚድ፣ ሁለት ሪፖርት፣ አንድ ፕሬዘንቴሽን። ሁላችንም «ሚድ መሃል ላይ ነው የሚሰጠው» ብለን በየግላችን አስበን፣ ሁላችንም ያችኑ ሳምንት መርጠናል። ከዚያ ደግሞ ቢሮ ተቀምጠን «የዘንድሮ ተማሪ ይኮርጃል፣ አያነብም» እንላለን።

ካሌንደሩን ለባልደረቦቼ ሳሳያቸው አንዱ «የእኔን ወደ ስድስተኛው አምጣው» አለ። ሌላዋ ሪፖርቱን ሁለት ቦታ ከፈለችው። ሃያ ደቂቃ። ሳስበው ያ የሃያ ደቂቃ ሥራ ከዚያ በፊት ካጸደቅናቸው ወፍራም ሰነዶች ሁሉ ይበልጥ ለተማሪው ጠቅሟል።

ስለ ካሪኩለም አዘገጃጀት የሚያወራ ሰው አሜሪካዊውን የትምህርት ምሁር ራልፍ ታይለርን ሳያነሳ አያልፍም። በ1949 ባወጣት ትንሽ መጽሐፍ አራት ጥያቄ አስቀመጠ። ዓላማው ምንድን ነው? ወደዚያ የሚያደርሱት የትምህርት ልምዶች ምንድን ናቸው? እንዴት ይደራጁ? መድረሳችንን በምን እናውቃለን? ከዚያ ወዲህ ዓለም የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጥያቄ አነሳና ሮጠ። ዓላማ ጻፍ፣ ለካ። ሦስተኛው ጥያቄ ተረስቶ ቀረ። ታይለር ግን እሱን በዋዛ አላለፈውም። ትምህርት ሲደራጅ ሦስት ነገር ይታይ ብሏል። ቁም ነገሩ ተመልሶ ተመልሶ ይምጣ። በመጣ ቁጥር ደግሞ ከቀድሞው ጠልቆ ይምጣ። በዚያው ጊዜ ከሚሰጠው ሌላ ትምህርት ጋርም ይያያዝ። የእኔዋ ተማሪ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን አራት ጊዜ ተመልሶላታል። አልጠለቀም፤ አልተያያዘምም። ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው የደረሳት።

ስለ ዓላማ አጻጻፍ ብዙ ማለት አልፈልግም። ግሱ «ያውቃል» ከሆነ አይለካም፣ «ይተነትናል» በሉት የሚለውን ሥልጠና ያልወሰደ መምህር ያለ አይመስለኝም። የትምህርት ዓላማዎችን ከማወቅ እስከ መገምገም የሚደረድሩት የብሉም ደረጃዎች የተባሉት ከ1956 ጀምሮ አሉ። ጠቃሚ ናቸው። ግን ግስ መቀየር ትምህርት መቀየር አይደለም። የትምህርት ተመራማሪው ጆን ቢግስ በ1996 የጻፈው ይሻለኛል። ዓላማው፣ ክፍል ውስጥ የሚሠራው ሥራና ፈተናው አንድ መስመር ላይ ይቁሙ ነው የሚለው። ተማሪው የሚያጠናው ለፈተናው ነው። ዓላማህ ላይ «ይተነትናል» ብለህ ፈተናህ ላይ «ዘርዝር» ካልክ፣ ተማሪው ይሸመድዳል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

የእኛ ኮሚቴ ሠንጠረዥ ነበረው። በቁመቱ ኮርሶች፣ በአግድሙ የፕሮግራሙ ዓላማዎች። እያንዳንዱ መምህር ኮርሱ የሚያስተምረውን ዓላማ ላይ ምልክት ያደርጋል። «በጥልቀት የማሰብ ችሎታ» የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች በምልክት ሞላ። ሁሉም ያስተምረዋል። አንዲት አዲስ መምህርት ነበረች፤ የኮሚቴውን ሙድ ገና አልለመደችም። «እሺ፣ ይህን ችሎታ የሚያሳይ አንድ አሳይመንት እያንዳንዳችሁ አምጡ» አለች። በሚቀጥለው ስብሰባ አምስት መጡ። ሌሎቻችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነን ተገኘን። ከአምስቱ ሁለቱ ደግሞ አንድ ዓይነት ነበሩ፤ ተማሪዎቹ ለሁለቱም ያንኑ ወረቀት ያስገቡ እንደነበር ኋላ ሰማን።

እንግዲህ ከዘርፍ ወደ ዘርፍ ስትሄድ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል። አንዱ ዘርፍ የሚጠይቀውን ሌላው ይቀጣል። የላብ ሪፖርት ላይ «እኔ» ብለህ አትጻፍ ይባላል። «ውህዱ እንዲሞቅ ተደረገ» ነው የሚባለው። ፍልስፍና ክፍል ገብተህ እንዲህ ብትጽፍ «የማን ሐሳብ ነው? አንተ ምን ትላለህ?» ትባላለህ። በሁለቱም ክፍል ተማሪው «አጻጻፍህ ደካማ ነው» የሚል ቀይ ማስታወሻ ይደርሰዋል። ሁለቱም መምህራን ልክ ናቸው። ሕጉ ለምን እንደሚለያይ የነገረው ግን የለም። የላብ ሪፖርቱ «እኔ»ን የሚሸሸው ማንም ሰው ቢደግመው ያው ውጤት ይመጣል ለማለት ነው። የፍልስፍናው ጽሑፍ «እኔ» የሚለው ለክርክሩ ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ስለሚፈልግ ነው። ይህን ለተማሪ መንገር አንድ ክፍለ ጊዜ አይፈጅም። ጽሕፈት ለቋንቋ መምህራን ብቻ አይተው፣ በየዘርፉ ይማሩት የሚለው እንቅስቃሴ በ1970ዎቹ የተስፋፋው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ከታሪክ ዘርፍ ደግሞ የማይረሳኝ ሙከራ አለ። ሳም ዋይንበርግ የተባለ ተመራማሪ በ1991 ባሳተመው ጥናት ስለ አንድ ጦርነት የሚያወሩ ሰነዶችን ለታሪክ ተመራማሪዎችና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሰጠ። ሲያነቡ የሚያስቡትን ድምፃቸውን አውጥተው እንዲናገሩ ነገራቸው። ተማሪዎቹ ጎበዞች ነበሩ። ከመጀመሪያው መስመር ጀምረው እስከ መጨረሻው አነበቡ። የታሪክ ሰዎቹ ግን ዓይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ግርጌ ነው። ማን ጻፈው? መቼ? ለማን? ከዚያ ነው ንባቡ የሚጀመረው። ከእነሱም ውስጥ ስለዚያ ጦርነት ብዙ የማያውቁ ነበሩ፤ አነባበባቸው ግን ያው ነው።

ይህችን የዓይን እንቅስቃሴ የሚያስተምር ኮርስ የትኛው ነው? የታሪክ መምህሩ አያስተምራትም፤ እንደሚያደርጋት እንኳ አያውቅማ። በልምድ ብዛት ከእሱ ተሰውራለች። የእያንዳንዱ ዘርፍ ዋናው ነገር እንዲህ ያለ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር ይመስለኛል። ሰነዱ ላይ የምንጽፈው ግን የምዕራፍ ርዕስ ነው።

ወደ ቅድመ ሁኔታ ኮርሶች ልምጣ፤ እዚህ ላይ ንዴቴን መደበቅ አልችልም። ያችው አዲስ መምህርት አንድ ቀን የፕሮግራሙን ኮርሶች በሙሉ በካርድ ጽፋ ግድግዳ ላይ ሰካች። አንዱ ለሌላው ቅድመ ሁኔታ ከሆነ በቀይ ክር አገናኘቻቸው። ስትጨርስ የሸረሪት ድር ሆነ። ከአንድ የአንደኛ ዓመት ሒሳብ ካርድ ብቻ ዘጠኝ ክር ይወጣል። ያችን ኮርስ የወደቀ ተማሪ አንድ ኮርስ አልወደቀም። ዘጠኝ በር ተዘጋበት። ኮርሷ በዓመት አንዴ ብቻ ስለምትሰጥ ደግሞ አንድ ዓመት ይጠብቃል።

ግሬጎሪ ሃይልማን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ይህንን በቁጥር ያሰላሉ። አንድ ኮርስ ስንት ሌላ ኮርስ እንደሚዘጋና በስንት ኮርስ ሰንሰለት ውስጥ እንዳለ ይቆጥራሉ። እኛ ግን ክር በቃን። እያንዳንዱን ክር እየነካን ጠየቅን። «ይህ ኮርስ ያንኛውን በእውነት ይፈልጋል? የትኛውን ምዕራፍ?» ከዘጠኙ ክር አራቱን ማንም ማስረዳት አልቻለም። አንዱ «ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ነው ያስገባው» አለ። ሌላው ደፍሮ እውነቱን ተናገረ። «ጎበዝ ጎበዙ ብቻ እንዲመጣልኝ ብዬ ነው።»

በነገራችን ላይ ይህን ችግር ሌላ መንገድ የፈቱት አሉ። በአሜሪካ የራይት ስቴት ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና መምህራን በ2004 አንድ ኮርስ ጀመሩ። የምህንድስና ኮርሶች ከካልኩለስ ውስጥ በትክክል የሚጠቀሙበትን ብቻ ለቅመው፣ ራሳቸው መሐንዲሶቹ በላብ እያስደገፉ በአንደኛ ዓመት ያስተምራሉ። ካልኩለሱ አልቀረም፤ ግን በር ጠባቂነቱ ቀረ። ተማሪው ሙሉውን የሒሳብ ሰንሰለት እስኪጨርስ ሳይጠብቅ ወደ ዘርፉ ይገባል። እኔን የገረመኝ ቀላልነቱ ነው። ሁለት ትምህርት ክፍሎች ቁጭ ብለው «ከእናንተ የምንፈልገው ይህን ይህን ነው» ተባባሉ። በቃ።

ሕክምናም ተመሳሳይ መንገድ አልፏል። በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር በአሜሪካና በካናዳ የነበሩትን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ያወጣው ሪፖርት ብዙ ደካማ ትምህርት ቤቶችን አዘጋ። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሳይንስ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል የሚለው ቅርጽም ጸና። ዘመኑን አድኗል። ግን ከሰው ሳይገናኙ ሁለት ዓመት ሙሉ ስም መሸምደድ መጣ። በ1969 የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሕክምና ትምህርት ቤት ሲከፍት ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ተማሪዎች ከመጀመሪያው ጀምሮ በትንንሽ ቡድን ሆነው የአንድ ታማሚ ጉዳይ ይሰጣቸዋል። «ምን ማወቅ አለብን?» ብለው ራሳቸው ወደ ሳይንሱ ይሄዳሉ። ሁሉም ዘርፍ እንዲህ ይሁን አልልም። ሒሳብ በዚህ መንገድ መማር ያስቸግራል። ግን ቅደም ተከተል ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን አሳይቷል።

የማስተማሪያ ዘዴውን ነገር በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ተጽፎበታል። በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶችን ሰብስበው አነጻጸሩ። ሁሉም በሳይንስ፣ በምህንድስናና በሒሳብ ኮርሶች ላይ የተሠሩ ናቸው። ሌክቸር ብቻ በሚሰጥበት ክፍል የወደቁት በአማካይ 33.8 በመቶ፣ ተማሪው ራሱ በሚሠራበትና በሚወያይበት ክፍል 21.8 በመቶ ነበሩ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚነካኝ የኤሪክ ማዙር ታሪክ ነው። ሃርቫርድ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹም ይወዱት ነበር። በ1990 ገደማ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ቀላል የሚመስል የጽንሰ ሐሳብ ፈተና ሰጣቸው። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ጠየቀችው። በአስተማርከን መንገድ ልመልስ ወይስ እኔ በማስበው መንገድ?

ይህን ጥያቄ ስሰማ አራቱ ደብተሮች ትዝ ይሉኛል። ልጅቷ አራት መምህር እንደሚፈልገው አራት ዓይነት አድርጋ መለሰች። በአራቱም አለፈች። በራሷ መንገድ ማሰብ ያለባት ቀን ሲመጣ ግን ቢሮዬ መጣች።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ደርሻለሁ። ክሩን ነካክተን ስንጨርስ ካርዶቹን መደራረብ ጀመርን። ሁለት ኮርስ አንድ ነገር የሚያስተምር ከሆነ አንዱ ካርድ በሌላው ላይ ይደረባል። የእኔ የምርምር ዘዴ ካርድ ላይ እጅ መጣ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ስታቲስቲክስ መከለስ ናቸው። ለዓመታት ያስተማርኳቸው ናቸው። ስላይዶቹን በምሽት የሠራኋቸው፣ ቀልዱን ሳይቀር በየትኛው ደቂቃ እንደማመጣ የማውቀው። «እነዚህ እኮ አንደኛ ዓመት ላይ አሉ» አለች መምህርቷ። አነጋገሯ ትህትና ነበረው።

እኔ ስለ ሥርዓተ ትምህርት ብዙ ያነበብኩ፣ ስለ ክፍተት የምሰብክ ሰውዬ ምን አልኩ? «ተማሪዎቹ አንደኛ ዓመት ላይ በደንብ አይማሩትም» አልኩ። የስታቲስቲክስ መምህሩ እዚያው ተቀምጧል። ፊቱ ተለዋወጠ። «የእርስዎ ተማሪዎች እኮ ናቸው ወደ እኔ ሲመለሱ ምንም የማያስታውሱት» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። አንዳችንም የሌላውን ክፍል ገብተን አይተን አናውቅም። በአንድ ኮሪደር ላይ ነው የምንሠራው።

ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። ሳምንቱን ሙሉ አኮረፍኩ። አምስት ሳምንት ሲወሰድብኝ አንድ ክሬዲት ይሄዳል። ክሬዲቱ ሲሄድ የማስተማሪያ ጫናዬ ይጎድላል፤ ጫና ሲጎድል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኮርስ የማይወጣው ለምን እንደሆነ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ። ኮርስ ማለት የአንድ ሰው መቀመጫ ነው። ማንም የካሪኩለም መመሪያ ይህን አይጽፍም። ክለሳ የሚሳካው መቀመጫው ለሚነካበት ሰው ሌላ የሚሠራው ሥራ አስቀድሞ ሲታሰብለት ነው። ያ ካልሆነ እያንዳንዳችን ለመቀመጫችን የሚሆን የትምህርት ፍልስፍና አናጣም።

በመጨረሻ አምስቱን ሳምንታት ለቀቅኩ። በምትኩ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያሉ ተማሪዎች መረጃቸውን ይዘው የሚመጡበት ሳምንታዊ ክፍለ ጊዜ ተሰጠኝ፤ ጫና ሆኖም ተቆጠረልኝ። ከስታቲስቲክስ መምህሩ ጋርም አንድ ምልክትና አንድ ስም፣ አንዷ ከምትቀነስበት ምክንያት ጋር፣ ለማስተማር ተስማማን። ኬሚስትሪዎቹም እሺ አሉ። ኢኮኖሚክሶቹ «ቮላቲሊቲ»ን አንተውም አሉ። የዘርፋቸው ቋንቋ ነው፤ አልፈርድባቸውም። ግን ስሙን ሲያስተዋውቁ «ይህ አንደኛ ዓመት ላይ የምታውቁት ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጨምሩ ቃል ገብተዋል። ይጨምሩ አይጨምሩ እናያለን።

ለአዲስ ኮርስ ማቅረቢያው ፎርም ላይም አንድ መስመር ገብቷል። «ይህ ኮርስ ሲገባ የሚወጣው» ይላል። እስካሁን የመጡት ሦስት ፎርሞች ላይ መስመሩ ባዶ ነው። አንደኛው ላይ ሰረዝ ተደርጎበታል።

በዚህ ሴሚስተር ለመጀመሪያ ጊዜ የስታቲስቲክሱን ክፍል ገባሁ። አስፈቅጄ ነው። መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ደብተርም ያዝኩ። መምህሩ ቦርዱ ላይ ሲግማን ጻፈ፤ ከጎኑ ትንሿን ኤስ። ለምን ሁለት እንደሆኑ ማስረዳት ጀመረ። ከእኔ የተሻለ ያስረዳል። ቶሎ ቶሎ ስጽፍ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ገልመጥ አድርጎ አየኝ። ጢሜ ላይ ያለውን ሽበትም አየው መሰለኝ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና በሹክሹክታ፣

«ጋሼ፣ እርስዎም ደግመው ነው የሚወስዱት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።